ፊታቸውን ወደ ቤት ያዞሩ ውሾች

ባለፈው መጋቢት ከከተማው ሙዚየም የመጣ ኤስበን የሚባል ወጣት ሁለቱን የሸክላ ውሾች ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቆማቸውና፣ በነጭ ጓንቱ ጆሯቸውን እየዳሰሰ፣ "እትዬ ሪግሞር፣ ፊታቸው ወዴት ይዙር?" ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ጨዋ ነው። የሚያዘጋጀው ትርኢት ሴት ስለወደዱ ሴቶችና ወንድ ስለወደዱ ወንዶች ነው። ሰዎቹ አብዛኞቹ አልፈዋል፣ በሕይወት ሳሉም ብዙ አልተናገሩም፤ ስለዚህ ዕቃዎቻቸው እንዲናገሩላቸው ይፈልጋል። የአንድ አስተማሪ ከረባትና ሁለት ነርሶች በጋራ ይለብሱት የነበረ ሹራብ አግኝቷል። "ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ቢሆን ያምር ነበር" አለኝ፤ ከዚያም ታሪካቸውን ባጭሩ የምጽፍበት ትንሽ ካርድ ሰጠኝ።

ካርዱ መዳፌን አያህልም። እኔ ደግሞ በአጭሩ ማውራት ከልጅነቴ ጀምሮ ሆኖልኝ አያውቅም። ስለዚህ ካርዱን ወደ ጎን ብዬ ነገሩን እንደሆነው፣ ወይም ያኔ ሆኖ እንደታየኝ ልናገረው።

ውሾቹ ሳህን ከሚሠራበት ነጭ ሸክላ የተሠሩ ናቸው። አንገታቸው ላይ በወርቅ ቀለም የተሳለ ሰንሰለት አለ፤ የግራው ውሻ ጆሮው ተሸርፏል። በደሴታችን እንዲህ ያለ ጥንድ ውሻ የሌለበት መስኮት አልነበረም፤ ወንዶቹ ከእንግሊዝ ወደቦች ለሚስቶቻቸው ያመጧቸው ነበር። ባል ባሕር ላይ ሲሆን ውሾቹ ወደ ውጭ ያያሉ፤ እሱን ይጠብቃሉ። ሲመለስ ሚስቱ ታዞራቸዋለች፤ ጌታቸው ገብቷልና ወደ ቤት ውስጥ ያያሉ፣ ለመንገደኛው የሚቀረው ጀርባቸው ነው። ከመርከብ ማረፊያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አንዴ የተራመደ ሰው የማን ባል እንዳለ፣ የማን እንደሌለ አፉን ሳይከፍት ያውቃል። አባቴ "ቦዲል ጋዜጣ የማታነበው ለዚህ ነው" እያለ በእህቱ ይቀልድ ነበር።

ባሕር ለበላው፣ ሬሳው ላልተገኘ ሰው ግን ሌላ ሥርዓት ነበር። ወሬው እንደተሰማ ባለ ኀዘኗ የመንገዱን በር ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች፤ ማንም እንዳያንኳኳ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ጥቁር ሻሽ አስረው ለቅሶ ይደርሳሉ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሲወጡ በሩን የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ባለ ኀዘኗ ራሷ በሩን መዝጋት አይሆንላትም፤ ለቅሶ የደረሳት ሰው ነው የሚዘጋላት። ውሾቹም ፊታቸው ወደ ውጭ እንደሆነ ይቀራል። ሌላ ባል እስክታገባ ወይም እስክትሞት ድረስ አይዞሩም።

ጎረቤታችን እትዬ አቤሎኔ ይህ ሁሉ የተደረገላት ሴት ነበረች። ያኔ "አንቱ" እላት ነበር፤ ዛሬ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ ስላለፍኩ "አንቱ" ማለቱን ትቻለሁ። ባሏ ላውሪስ እኔ ሳልወለድ ነው ከነመርከቡ የጠፋው። ውሾቿ እኔ ካወቅኳቸው ጀምሮ መንገዱን ያያሉ። ሳልፍ ዓይናቸው የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ለምጃቸዋለሁ፣ አያስፈሩኝም ነበር። ያስፈሩኝ የዞሩ ቀን ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወሩ ሚያዝያ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነሥቶ መንገዱን ውጦታል። የቀጋውን አጥር በእጄ እየዳበስኩ ስሄድ የእትዬ አቤሎኔ መስኮት ድንገት አጠገቤ ብቅ አለ። ውሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ሁለት ነጭ ጀርባና ሁለት የተጠቀለለ ጭራ። ከነሱ ወዲያ ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ከመስኮቱ ስንጥቅ ግን የፒፓ ትምባሆ ይሸታል። በዚያ ቤት የሚያጨስ ሰው እንደሌለ ደግሞ አውቃለሁ።

"እማዬ፣ እትዬ አቤሎኔ ቤት ማን መጣ?" አልኩ ገና ከመግባቴ።

እናቴ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋው ቆመ። "ማንም።"

"ውሾቹ ዞረዋል እኮ።"

"አቧራ ስትጠርግ አዛብታ አስቀምጣቸው ይሆናል።"

"እትዬ አቤሎኔ ነገር አያዛቡም።"

"አንቺም ነገር አታብዢ። ዝም አይነቅዝም" አለችና መላጧን ቀጠለች።

አክስቴ ቦዲል ብዙ ሳትቆይ መጣች። እኔ ከምድጃው ጀርባ ካልሲዬን እያደረቅኩ ነበር፤ ያላየችኝ ይመስለኛል።

"አይተሻል?" አለች ሻሿን ሳትፈታ።

"ምኑን?"

"ምኑን ትለኛለች እንዴ! ውሾቹን ነዋ። አገር እያየ።"

"አቧራ ጠርጋ ይሆናል።"

"የላውሪስ ጃኬትም አቧራ ሊጠርግ ነው የወጣው? ትናንት መርከብ ማረፊያው ላይ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ያው ጃኬት፣ ያው የናስ ቁልፍ፣ እያፏጨ ሽቅብ ሲሄድ።"

"ቦዲል፣ ልጅ አለ።"

"ልጅ ምን ያውቃል?" አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እውነቴን ነው ካያ፣ ላውሪስ ራሱ ከባሕር ተነሥቶ ቢመጣ ይሻል ነበር። ለሱስ ቄስ ይጠራለታል።"

እኔ ከምድጃው ጀርባ ላብ አጠመቀኝ። የሰጠመ ሰው ጃኬት በጠራራ ፀሐይ እያፏጨ ሽቅብ ከሄደ በውስጡ ማን እንዳለ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

በውስጡ የነበረችው ቶራ ናት። ይህን አክስቴ ታውቃለች፣ እናቴም ታውቃለች፤ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቶራን ሁላችንም የእትዬ አቤሎኔ ተከራይ እንላት ነበር። የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ናት፤ ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ክንዷ ላይ ሰማያዊ ወፍ የተነቀሰች። ከዋናው ምድር በጀልባ ስትመጣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የመርከበኛ ሣጥን ይዛ ነው። ከሣጥኑ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አይቻለሁ። ለጥቂት ሳምንት ትሰነብትና መርከቧ ሲጠራት ትሄዳለች።

ልጅ ሞኝ አይደለም። ቶራ በመጣች ማግሥት ውሾቹ እንደሚዞሩ፣ በሄደች ዕለት ወደ ውጭ እንደሚመለሱ ያን ዓመት ደርሼበታለሁ። ነገሩን አያያዝኩት፤ ያያያዝኩት ግን በገዛ ገመዴ ነው። ውሻ ለሴት እንደማይዞር አውቃለሁ፤ ውሻ የሚዞረው ለባል ነው፣ ይህ የማያጠራጥር ነገር ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ወንድ መኖር አለበት። ወንዱ ላውሪስ ነው፤ ከባሕር ሥር እያወጣች በሣጥኗ የምታመጣው ደግሞ ቶራ ናት። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ በመንገድ ሲያልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚገርመኝ የእኔ ቅዠት አይደለም። የሚገርመኝ የአቤሎኔ ድፍረት ነው። ያቺ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ሴት ማንም ሊያነበው በሚችል ፊደል፣ በገዛ መስኮቷ ላይ፣ "የምወደው ሰው ገብቷል" ብላ ትጽፍ ነበር። ደሴቱ በሙሉ አነበበው። አንብቦም አቧራ ነው አለ።

ሰኔ ላይ እናቴ አንድ ጥቅል የደረቀ ዓሣ ሰጥታ ወደዚያ ቤት ላከችኝ። እምቢ ብል ምክንያቴን መናገር ይኖርብኛል፤ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ እርጥብ አሸዋ የያዘ ትልቅ ቦት ጫማ ቆሟል። ከውስጥ እትዬ አቤሎኔ ትስቃለች። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበርና ሳቁ ከቦት ጫማው ይልቅ አስፈራኝ።

ሳሎኑ ባዶ ነው። ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ፒፓ ተቀምጧል፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አጠገቡ ያለውን ወንበር በጣቴ ነካሁት፤ ሞቋል። በግድግዳው ውስጥ የተሠራው አልጋ መዝጊያው ገርበብ ብሏል። ሁለት ትራስ አለ፣ ሁለቱም የራስ ጉድጓድ አላቸው።

ወጥ ቤት ስገባ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው የዓሣ ቅርፊት ይፍቃሉ። ቶራ አየችኝና "እንኳን መጣሽ፣ ላይ ክፍሌ ውጪና ከሣጥኑ ላይ ቀረፋ አለልሽ፣ ውሰጂ" አለችኝ። አቤሎኔ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት፤ እኔ ግን ደረጃው ላይ ደርሻለሁ።

የቶራ ክፍል እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። አልጋው በደንብ ተነጥፏል፤ በብርድ ልብሱ ላይ አቧራ አለ፣ ትራሱ መሐል የደረቀ ዝንብ ወድቋል። በዚህ አልጋ ሰው ተኝቶ አያውቅም። ታዲያ ቶራ የት ነው የምትተኛው? ሙታን እንቅልፍ እንደሌላቸው ከአክስቴ ሰምቼ ነበርና ምናልባት እሷም ከነሱ ወገን ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። እጇ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ "ኧረ እኔ ከሞትኩ ቆየሁ" እያለች ትቀልዳለች። ቀረፋውን ከሣጥኑ ላይ አነሣሁ። ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጎንበስ ብዬ ሣጥኑን አንኳኳሁ።

መልስ የለም። ከበታቼ፣ ከሳሎኑ፣ ወፍራም ፉጨት ተሰማ።

ወርጄ ሳይ ሳሎኑ አሁንም ባዶ ነው። ፒፓው ግን የለም። ጭሱ ብቻ፣ ጣሪያው ሥር፣ ሰው እንደተነሣበት ቦታ ተንሳፍፎ ቀርቷል።

ፒፓው የቶራ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነበር። ኪሷ ላይ ዳር ዳሩ የጠቆረ ቀዳዳ ነበረባት፤ እሱንም ያን ቀን አይቼዋለሁ፣ የመርከብ ምድጃ ያቃጠላት መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

"ምን አየሽ?" አለችኝ ቶራ ወጥ ቤት ስመለስ።

"ማንንም።"

"ጎበዝ።"

በሩ ጋ ስደርስ ግን ሆዴ አልችል አለ። ዞር ብዬ፣ "ጋሽ ላውሪስ አይበርዳቸውም?" አልኩ።

አቤሎኔ የዓሣ ቅርፊት በያዘ እጇ አፏን ያዘች። ቶራ ቢላዋውን አስቀመጠችና አጠገቤ በርከክ አለች፤ የትምባሆና የቀረፋ ሽታ ሸተተኝ። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም።

"ብዙ ዘመን በርዶት ነበር" አለችኝ ቀስ ብላ። "እዚህ ቤት ሲገባ ይሞቀዋል።"

"ለሰው አልናገርም።"

"አትናገሪ፣ የኔ ልጅ" አለች አቤሎኔ። ያን ቀን ያወጣችው ቃል ይህ ብቻ ነው።

ቶራ ስለ ላውሪስ እንዳልመለሰችልኝ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን መልሱ በቂ ነበር። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ከፍርሃቱ ጋር ግን ሌላ ነገር ተጨመረ። የሰጠመው ሰውዬ ደህና መሆኑ ደስ ይለኝ ጀመር። ውሾቹ ሲዞሩ "ዛሬ ሞቋቸዋል" እላለሁ፣ ወደ ውጭ ሲያዩ ደግሞ "ወይኔ፣ ወደ ውሃው ተመለሱ" እላለሁ። ቃሌን ጠብቄ ለማንም አልተነፈስኩም።

አሥረኛ ዓመቴን በያዝኩበት ጥር የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ለቀናት ነፈሰ። አሸዋው ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ በመንገዳችን ይጎርፍ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ራዲዮው የቶራን መርከብ ስም ጠራ፤ ከነሰዎቹ ጠፍቷል፣ ፍለጋው ቆሟል። የአናጢው ልጅ በዚያው መርከብ ላይ መርከበኛ ነበር። እናቴ ራዲዮውን ዘጋችና እጇን መክፈቻው ላይ እንዳደረገች ቆመች። ወዲያው ጥቁር ሻሿን ከመሳቢያ አወጣች፤ ሥርዓቱን እንድማር እኔንም አስከትላ ወጣች።

የሰፈሩ ሴቶች በተርታ፣ ነፋሱን በትከሻቸው እየገፉ ወደ አናጢው ቤት ይሄዳሉ። የአናጢው ቤት ከእትዬ አቤሎኔ ቤት ወዲያ ነው። በአቤሎኔ ደጅ ስናልፍ ቀና ብዬ አየሁ። ውሾቹ ወደኛ ያያሉ። የመንገዱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

በሩ መጨረሻው ድረስ ተከፍቶ ወደ ግድግዳው ተደግፏል፤ ነፋስ እንዳይመልሰው ድንጋይ ተደርጎበታል። በኮሪደሩ ጫፍ አቤሎኔ ጥቁር ለብሳ ቆማለች። ሁላችንንም ታየናለች። አንዲትም ሴት እግሯን አላቆመችም።

እናቴ ቆመች። እጄን የያዘው እጇ ጠበቀብኝ።

አክስቴ ቦዲል ክንዷን ያዘቻት። "ካያ፣ ነይ እንጂ።"

"በሩን ከፍታለች።"

"ተከራይ ነው የሄደባት፤ ተከራይ ደግሞ ይገኛል። ለተከራይ ለቅሶ ይደረሳል እንዴ? ነይ፣ ሰው እያየን ነው።"

እናቴ ሄደች። እኔም ተጎትቼ ሄድኩ። አናጢው ቤት እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ተቀመጥን፤ የልጁ እናት አለቀሰች፣ ሲመሽ ወጣን፣ በሩን አክስቴ ዘጋችው። ስንመለስ የአቤሎኔ በር እንደተከፈተ ነው። አሸዋው ኮሪደሩ ውስጥ ገብቶ ተከምሯል።

በማግሥቱም ክፍት ነበር። ከመስኮታችን አየዋለሁ፣ እናቴም ታየዋለች፤ ታይና መጋረጃውን ትነካካለች። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች አሰብኩ፤ በዚያ ብርድ ምድጃ ቢነድም አይሞቅም። እኔ የሆነው ሁሉ ገብቶኛል ብዬ ነበር። ቶራ ከሰጠመች ላውሪስን የሚያመጣው የለም፤ እትዬ አቤሎኔ ባሏ ሁለተኛ ሞቶባታል፣ ይህንንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ታዲያ ለቅሶ የሚደርሳት ሌላ ማን አለ? የእናቴን ጥቁር ሻሽ ከመሳቢያው ወስጄ አሰርኩ። ግንባሬን አልፎ ዓይኔ ላይ ይወርድ ነበር።

አሸዋውን ተሻግሬ ገባሁ። ቤቱ ውስጥ ነፋሱ ያፏጫል፤ የቶራን ፉጨት ይመስላል፤ ባዶው ወንበር ላይ ሰው ያለ ያህል ተሰማኝ። አቤሎኔ ካፖርቷን ለብሳ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ሴቶቹ እንደሚያደርጉት ዝም ልል ነበር የፈለግኩት። አልቻልኩም።

"ከእንግዲህ አይመጡም፣ አይደል?" አልኳት።

"ማን?" ድምፅዋ ደርቋል።

"የሚመጡት ሰው። ውሾቹ የሚዞሩላቸው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ከዚያ ወዲህም የሰማሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ከራሴ። ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወረደች፣ እጄን ይዛ ፊቷ ላይ አደረገችው። "አይመጣም" አለች። "ከእንግዲህ አይመጣም፣ የኔ ልጅ። ማንም አያመጣልኝም።" ጣቶቼ በእንባዋ ረጠቡ። ከእሷ ጋር አለቀስኩ፤ እኔ ላውሪስን ነበር የማለቅሰው።

ስወጣ ድንጋዩን አነሣሁና በሩን ዘጋሁላት። አሸዋው ይዞት ስለነበር በትከሻዬ ገፋሁት።

እናቴ ደጃፋችን ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሻሿ ጭንቅላቴ ላይ እንደሆነ አየች።

"የት ነበርሽ?"

"ለቅሶ ደርሼ።"

ሳትቆጣ አስገባችኝ። ጫማዬን አውልቃ አሸዋውን ምድጃው አጠገብ አራገፈች። "በሩን ማን ዘጋው?" አለችኝ ሳታየኝ።

"እኔ።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። የአቤሎኔን ነገር ከዚያ በኋላ በቤታችን ማንም አንሥቶ አያውቅም።

ነገሩ የገባኝ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ፣ ቪቤኬ የምትባል ልጅ የሸሚዜን ቁልፍ ስትተክልልኝ ነው። ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ አንገቴ ሥር ጎንበስ ስትል ትንፋሿ ነካኝ፣ ወዲያውም ፒፓው፣ ሁለቱ ትራስ፣ አቧራ የለበሰው አልጋ አንድ ላይ መጡብኝ። ቪቤኬ መርፌው የወጋኝ መስሏት ደነገጠች። በልጅነቴ የፈራሁት ሙት የለም ነበር፤ የነበሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፣ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ የምትስቅ። ከቪቤኬ ጋር ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያየንም። እናቴ በስልክ ስትጠይቀኝ ለዓመታት "ተከራይሽ ደህና ናት?" ነበር የምትለው። በዚያ ቃል ሆዴን የምትወጋኝ አውቃ ይሁን ሳታውቅ አልጠየቅኳትም።

አቤሎኔ አርጅታ፣ በጥቅምት፣ በዚያው በግድግዳው አልጋ ውስጥ ሞተች። ከቶራ በኋላ ተከራይ አላስገባችም፤ ውሾቹ እስከ መጨረሻው መንገዱን ያዩ ነበር። ከመሞቷ በፊት ለሳምንታት ከአልጋ አልወረደችም። ሬሳዋ ሲወሰድ ቤቱን የቆለፈችው አስታማሚዋ ናት፤ ቁልፉንም ይዛ ወደ ዋናው ምድር ተሻገረች።

ለቀብሯ ስመጣ ደሴቱ በጭጋግ ታፍኗል። ከጀልባው ወርጄ እንደ ልጅነቴ የቀጋውን አጥር እየዳበስኩ ሄድኩ። መስኮቱ ድንገት አጠገቤ ብቅ አለ። ሁለት ነጭ ጀርባ፣ ሁለት የተጠቀለለ ጭራ።

ቆሜ ቀረሁ። መስኮቱ ስንጥቅ ላይ አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ ምን እንደሸተተኝ አልናገርም፣ ሰው አያምነኝም።

እናቴ ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ነበር። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ጥቁር ሻሿ ተጥሏል፤ የቀጋ እሾኽ ይዞታል፣ ጫማዋም እርጥብ አሸዋ አለበት። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣

"እማዬ፣ እትዬ አቤሎኔ ቤት ማን መጣ?" አልኳት።

ቢላዋው ቆመ።

"ቶራ ናት" አለች እናቴ።

ያንን ስም ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ድንቹን በእጇ እያገላበጠች ቀጠለች።

"ጠዋት መስኮቱን አየሁና ሄድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት፤ ትናንት አስታማሚዋ ስትቆልፈው አይቻለሁ። ገባሁ፣ ትንሽ ተቀመጥኩ።" እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። "ስወጣ ዘጋሁላቸው። ውሾቹን ግን እኔ አልነካኋቸውም፣ ሪግሞር። ስደርስም ዞረው ነበር።"

"አምንሻለሁ" አልኳት።

"ያኔ ነበር መግባት የነበረብኝ" አለችና በሽርጧ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ሌላ ድንች አነሣች። "ቪቤኬስ ለምን አብራሽ አልመጣችም? ስታመጫት ደግሞ ላይኛውን አልጋ አላነጥፍም፣ ሰው የማይተኛበት አንሶላ ማጠብ ለማንም አይጠቅምም።"

አቤሎኔ ውሾቹን ለእኔ ነበር የተናዘዘቻቸው። እናቴም ቪቤኬም ካለፉ በኋላ ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ኖሩ፤ ኤስበን እስኪመጣ። ካርዱ ላይ በመጨረሻ የጻፍኩት "የአቤሎኔና የቶራ" የሚል ብቻ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸውን ወደ ተመልካቹ እንዲያደርግ ነገርኩት፤ ጨዋ ልጅ ነውና ሳይከራከር አደረገው።

ባለፈው ሳምንት ግን ደወለልኝ። "እትዬ ሪግሞር፣ ሰዎች ቅሬታ እያቀረቡ ነው" አለ እየተሽኮረመመ። "የሚያዩት የውሻ ጀርባ ብቻ ነው ይላሉ። ፊታቸውን ማየት ይፈልጋሉ።"

"ልክ ናቸው" አልኩት። "የቤቱ ሰው ሲገባ መንገደኛ የሚያየው ጀርባቸውን ነው።"